የፀሐይ ሰዓት ለጣና ዳርቻ፦ አሠራሩና አነባበቡ

የፀሐይ ሰዓት በጥላ አማካይነት የቀኑን ጊዜ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ክፍሎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጥላ የሚጥል ጠቋሚና ጥላው የሚያርፍበት ሰሌዳ። ምድር በዛቢያዋ ላይ ስትዞር ፀሐይ በሰማይ ላይ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ፣ በየ4 ደቂቃው ደግሞ 1 ዲግሪ የምትጓዝ ትመስላለች። ጠቋሚው ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ሆኖ ከተተከለ ጥላው በአንድ በተወሰነ ሰዓት የሚያርፍበት መስመር በታኅሣሥም በሰኔም ያው ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ግን እንዲህ አይደለም፤ የጥላው ርዝመትም አቅጣጫውም ከወር ወር ይለዋወጣል። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መሬት ላይ ዘንግ ተክሎ በዙሪያው ሰዓት ይጽፍና ከሁለት ወር በኋላ ጥላው ከምልክቱ ሲወጣ ይደናገራል።

ይህ መመሪያ የሚያስረዳው በባሕር ዳር፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢና በአካባቢው ባሉ ትምህርት ቤቶች ሊሠራ የሚችል ሰሌዳን ነው። ቦታው በሰሜን ኬክሮስ 11.6፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37.4 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ልኮች ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የወጡ ናቸው።

ከጫማ እስከ ሰሌዳ

በጥላ ሰዓት መቁጠር ጥንታዊ ነው። በግብፅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሦስተኛው ቱትሞስ ዘመን የተሠራ የጥላ መለኪያ ዛሬ በርሊን በሚገኝ ሙዚየም ተቀምጧል። በመጽሐፈ ነገሥትና በትንቢተ ኢሳይያስ ስለ ንጉሥ ሕዝቅያስ በተጻፈው ታሪክ ጥላው ዐሥር ደረጃ ወደ ኋላ የተመለሰው በአካዝ ደረጃዎች ላይ ነው። ጠቋሚውን ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ የማድረግ ዘዴ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በደማስቆ ታላቁ መስጊድ ኢብን አሽ-ሻጢር እ.ኤ.አ. በ1371 ያቆመው ሰሌዳ ከዚህ ዓይነቱ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ መለኪያው የሰው ገላ ነበር። ሰው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ በሜዳ ላይ ይቆማል፤ የጥላው ጫፍ ምልክት ይደረግበታል፤ ከቆመበት እስከ ምልክቱ ያለውን ርቀት በገዛ እግሩ ጫማ በጫማ ይለካዋል። ረጅም ሰው ረጅም እግር፣ አጭር ሰውም አጭር እግር ስላለው፣ የሁሉም ቁመት በራሱ ጫማ ሲለካ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ማንም ቢለካ ቁጥሩ እምብዛም አይለያይም። ከዘንግም ከሰሌዳም የተሻለ ብልሃት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መሣሪያው የትም አይረሳም፣ ማንም አይሰርቀውም።

ችግሩ በየወሩ የተለያየ ቁጥር ማስፈለጉ ነው። በጣና ዳርቻ በመስከረምና በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ወቅት፣ በ3 ሰዓትም በ9 ሰዓትም የሰው ጥላ ከቁመቱ በጥቂቱ ይበልጣል፤ 7 ጫማ ገደማ ማለት ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ያው 9 ሰዓት ወደ 10 ጫማ ይደርሳል፤ በሰኔ ደግሞ ወደ 6 ጫማ ተኩል ይወርዳል። ለዚህም ነው በግዕዝ የባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት ውስጥ ለየወሩ የጥላ ልክ የሚሰጡ ሠንጠረዦች የሚገኙት። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 በቪየና ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርና ሥነ ፈለክ በሰፊው መርምሯል። ሠንጠረዡ የሚያስፈልገው ለዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትርና ተሰዓት (9 ሰዓት) የጸሎት ሰዓታት ናቸው፤ ጾም የሚገደፈውም ሰዓቱ ሲደርስ ስለሆነ የተሰዓትን ጥላ በትክክል ማወቅ ለጿሚ ሁሉ የሚያገባው ጉዳይ ነበር።

መጽሐፈ ሄኖክ ቀንና ሌሊትን አንድ ላይ በ18 ክፍል ያካፍላል፤ በረጅሙ ቀን 12 ክፍል ለብርሃን፣ 6 ክፍል ለጨለማ ይሰጣል። ይህ ስሌት ለሩቅ ሰሜን እንጂ ለኢትዮጵያ አይስማማም። በባሕር ዳር ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ስለማይበልጥ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ በ12 ሰዓት መቁጠር ዓመቱን ሙሉ አያስቸግርም። የሀገሩ ሰዓት አቆጣጠር ለፀሐይ ሰዓት የተመቸ መሆኑም ከዚህ የመነጨ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ከ1 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች በተርታ ይሰፍራሉ፣ 6 ሰዓት መካከሉን ይይዛል።

የትኛው ዓይነት ሰሌዳ?

በውጭ መጻሕፍት በብዛት የሚታየው ጠፍጣፋ ሆኖ መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ሦስት ማዕዘን ጠቋሚ ያለው ሰሌዳ ነው። በባሕር ዳር ይህ አይመከርም። የሦስት ማዕዘኑ ጠርዝ ከአግድም የሚያዘነብለው በኬክሮሱ ልክ ስለሆነ እዚህ የሚነሣው 11.6 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ጠቋሚው ሊተኛ ምንም አይቀረውም። የሰዓት መስመሮቹም ይጨናነቃሉ። በለንደን ከቀትር መስመር እስከ ቀጣዩ ሰዓት ያለው ማዕዘን 11.8 ዲግሪ ሲሆን በባሕር ዳር 3.1 ዲግሪ ብቻ ነው። በተቃራኒው ከ11 ሰዓት መስመር እስከ 12 ሰዓት መስመር ያለው ክፍተት 53 ዲግሪ ይሆናል። ሰው በብዛት ሰዓት በሚያይበት የቀኑ ክፍል መስመሮቹ ተደራርበው አይነበቡም።

በደቡብ ግድግዳ ላይ የሚሠራውም አይሆንም። ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ 16 ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ስለምታልፍ የደቡቡ ግድግዳ በእነዚያ አራት ወራት በቀትር ራሱ ጥላ ውስጥ ይገባል።

ለጣና ዳርቻ የሚስማማው የዋልታ ሰሌዳ የሚባለው ነው። ሰሌዳው ራሱ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ እንዲሆን ሰሜናዊ ጫፉ በ11.6 ዲግሪ ከፍ ይደረጋል፤ ከላዩ በተወሰነ ከፍታ አንድ ሽቦ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወጠራል። የሰዓት መስመሮቹ ሁሉ ከሽቦው ጋር ትይዩ የሆኑ ቀጥተኛ መስመሮች ናቸው። በሰሜን አውሮፓ ይህ ሰሌዳ በጣም ስለሚያዘነብል ያስቸግራል፤ እዚህ ግን ትንሽ ቀና ያለ ጠረጴዛ ይመስላል፣ ፊቱም ለንባብ ይመቻል።

ዕቃና ልክ

የሚያስፈልገው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 40፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን 30 ሳንቲሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ኮምፔንሳቶ ወይም አልሙኒየም፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ሽቦ፣ ሽቦውን የሚይዙ ሁለት ረጃጅም ሚስማሮች፣ ማስመሪያ፣ ስኳድራ፣ ውኃ ልክ፣ ቱንቢና የማይለቅ ቀለም ነው። ኮምፔንሳቶ በክረምት ዝናብ ስለሚያብጥ ሁለቱም ፊቱና ጠርዙ አስቀድሞ ቀለም መቀባት አለበት። ለትምህርት ቤት ግቢ በቋሚነት የሚተከል ከሆነ በሲሚንቶ የተለሰነ ሰሌዳ ይመረጣል።

በመጀመሪያ በ40 ሳንቲሜትሩ ጎን መካከል ላይ፣ በ20 ሳንቲሜትር፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መስመር ይሰመራል። ይህ የ6 ሰዓት፣ የቀትር መስመር ነው። ከዚያ በግራና በቀኝ ከዚህ መስመር ጋር ትይዩ የሆኑ አምስት አምስት መስመሮች ይሰመራሉ። ርቀታቸው የሚገኘው የሽቦውን ከፍታ በማዕዘኑ ታንጀንት በማባዛት ነው፤ ለ1 ሰዓት ልዩነት 15 ዲግሪ፣ ለ2 ሰዓት 30 ዲግሪ እያለ ይቀጥላል። የሽቦው ከፍታ 5 ሳንቲሜትር ሲሆን ከመካከሉ መስመር የሚለኩት ርቀቶች እነዚህ ናቸው፦

5 እና 7 ሰዓት፦ 1.34 ሳንቲሜትር
4 እና 8 ሰዓት፦ 2.89 ሳንቲሜትር
3 እና 9 ሰዓት፦ 5 ሳንቲሜትር
2 እና 10 ሰዓት፦ 8.66 ሳንቲሜትር
1 እና 11 ሰዓት፦ 18.66 ሳንቲሜትር

የጠዋቱ ሰዓታት የሚጻፉት በምዕራብ በኩል ነው፤ ፀሐይ በምሥራቅ ሳለች ጥላው ወደ ምዕራብ ይወድቃልና። ከሰዓት በኋላ ያሉት በምሥራቅ በኩል ይሰፍራሉ። ይህን ማገላበጥ ቀላል ስለሆነ ቁጥሮቹ በቀለም ከመጻፋቸው በፊት ሰሌዳውን አንድ ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማየት ይሻላል። 12 ሰዓት መስመር የለውም፤ በዚያን ጊዜ የፀሐይዋ ጨረር ከሰሌዳው ጋር ትይዩ ስለሚሆን የሽቦው ጥላ ሰሌዳው ላይ አያርፍም።

መስመሮቹን በሰዓት ሳይሆን በባሕረ ሐሳብ ልክ መክፈል የሚፈልግም ይችላል። በዚያ አቆጣጠር አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው (ይህ ከካርታው ኬክሮስ የተለየ ነው)፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ በሰማይ ላይ ደግሞ 6 ዲግሪ ይሆናል። ከቀትር እስከ ማታ 15 ኬክሮስ አለ። የመጀመሪያው መስመር ከመካከሉ 0.53 ሳንቲሜትር ላይ ይውላል፤ ቀሪዎቹ በ12፣ በ18፣ በ24 ዲግሪ ታንጀንት እየተሰሉ ይቀጥላሉ።

ቀጥሎ ሁለቱ ሚስማሮች በቀትር መስመር ላይ፣ አንዱ በሰሜን አንዱ በደቡብ ጠርዝ አጠገብ፣ ከሰሌዳው ጋር በቀጤ ማዕዘን ይተከላሉ። ሽቦው በመካከላቸው ተወጥሮ ይታሰራል። ከሰሌዳው ፊት እስከ ሽቦው መሐል ያለው ከፍታ በሁለቱም ጫፍ በትክክል 5 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ሽቦው ከረገበ መሐሉ ዝቅ ስለሚል የጠዋቱና የማታው ንባብ ይበላሻል።

ቦታና አቅጣጫ

ባሕር ዳር የምትወደድባቸው ዛፎች የፀሐይ ሰዓት ጠላቶች ናቸው። ቦታው በምሥራቅም በምዕራብም ገላጣ መሆን አለበት። በመስከረምና በመጋቢት በ1 ሰዓትና በ11 ሰዓት ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ 12 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ በእነዚያ ሰዓታት ሰሌዳውን እንዳይጋርድ ቢያንስ 45 ሜትር መራቅ ይኖርበታል። በታኅሣሥ ርቀቱ ወደ 80 ሜትር ይጠጋል። ግቢው ይህን ካልፈቀደ ጠፍጣፋ የሕንፃ ጣሪያ ይመረጣል፤ ወይም ሰሌዳው ከ2 እስከ 10 ሰዓት ብቻ ያገለግላል ተብሎ ይተዋል፤ ጉዳቱም ብዙ አይደለም።

እውነተኛውን ሰሜን ለማግኘት ኮምፓስ ወይም የስልክ ኮምፓስ አይበቃም። ኮምፓስ የሚያመለክተው የመግነጢስ ሰሜንን ነው፤ በአጠገቡ ብረት ወይም ቆርቆሮ ካለ ደግሞ ጨርሶ ይስታል። አስተማማኙ ዘዴ ፀሐይዋን ራሷን መጠቀም ነው። በደለደለ መሬት ላይ 50 ሳንቲሜትር የሚሆን ዘንግ በቱንቢ ቀጥ ተደርጎ ይተከላል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ የጥላው ጫፍ ምልክት ይደረግበታል፤ በዚያ ጥላ ርዝመት፣ የዘንጉን ግርጌ ማዕከል በማድረግ፣ በሲባጎ ክብ ይሰመራል። ጥላው እስከ ቀትር እያጠረ ከክቡ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከቀትር በኋላ እየረዘመ ክቡን እንደገና የሚነካበት ነጥብም ምልክት ይደረግበታል። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብን ያሳያል፤ በስኳድራ የሚወጣለት ቀጤ መስመር ደግሞ ሰሜንና ደቡብን። ይህን ለመሥራት ታኅሣሥ ከሁሉ ይሻላል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የፀሐይ መንገድም በዚያ ወር ከቀን ቀን እምብዛም አይለወጥም።

ሰሌዳው በተገኘው የሰሜንና ደቡብ መስመር ላይ ይቀመጥና ሰሜናዊ ጠርዙ ከደቡባዊው 6 ሳንቲሜትር ከፍ ይደረጋል። የ11.6 ዲግሪ ሳይን 0.2 ገደማ ስለሆነ ከፍታው ሁልጊዜ ከሰሌዳው ርዝመት አንድ አምስተኛ ነው፤ ሰሌዳው 60 ሳንቲሜትር ቢሆን 12 ሳንቲሜትር ይነሣል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለው ልክ ነው። ውኃ ልኩ በዚህ አቅጣጫ ፍጹም አግድም ማሳየት አለበት። ሰሌዳው በዚህ በኩል 1 ዲግሪ ቢያጋድል፣ ማለትም በ40 ሳንቲሜትር ላይ የ7 ሚሊሜትር ልዩነት ቢኖር፣ ሰዓቱ ቀኑን ሙሉ በ4 ደቂቃ ይስታል። የሰሜኑ ከፍታ በጥቂት ሚሊሜትር ቢሳሳት ግን በቀትር ንባቡን አይነካም።

ንባብና ማስተካከያ

ሰሌዳው ተተክሎ ሲያልቅ የመጀመሪያው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ከስልክ ሰዓት ጋር ለምን አይገጥምም? ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ የሠሪው ስሕተትም አይደለም። የኢትዮጵያ ሕጋዊ ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ይህ መስመር ከጅግጅጋም ወደ ምሥራቅ ያልፋል። ባሕር ዳር ከዚያ 7.6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ በየዲግሪው 4 ደቂቃ ሲታሰብ ፀሐይ 30 ደቂቃ ዘግይታ ትደርስባታለች። ስልክ 6 ሰዓት ሲል በፔዳ ገና ቀትር አልሆነም።

በዚህ ላይ ሌላ ልዩነት ይጨመራል። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነና ዛቢያዋ ስላጋደለ የፀሐይ ቀን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ልዩነቱ ተጠራቅሞ ጥቅምት 24 ገደማ የፀሐይ ሰዓትን ከአማካዩ 16 ደቂቃ ያስቀድመዋል፣ የካቲት 4 ገደማ ደግሞ 14 ደቂቃ ያስዘገየዋል። ሚያዝያ 7፣ ሰኔ 6፣ ነሐሴ 26 እና ታኅሣሥ 16 ገደማ ልዩነቱ ዜሮ ነው።

ሁለቱ ሲደመሩ በባሕር ዳር በየወሩ መጀመሪያ ላይ በጥላው ንባብ ላይ የሚጨመሩት ደቂቃዎች የሚከተሉት ናቸው። መስከረም 27፣ ጥቅምት 17፣ ኅዳር 14፣ ታኅሣሥ 23፣ ጥር 37፣ የካቲት 45፣ መጋቢት 41፣ ሚያዝያ 32፣ ግንቦት 27፣ ሰኔ 29፣ ሐምሌ 35፣ ነሐሴ 36። በወሩ መካከል ላይ ያለው በሁለቱ ወራት ቁጥሮች መካከል ይገመታል። ለምሳሌ ኅዳር 1 ቀን ጥላው በ4 ሰዓት መስመር ላይ ቢያርፍ የስልኩ ሰዓት 4 ሰዓት ከ14 ነው፤ የካቲት 1 ቀን ያው ጥላ 4 ሰዓት ከ45 ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች በሰሌዳው ደቡባዊ ጠርዝ ላይ መጻፍ ተገቢ ነው፤ ያለ እነርሱ ሰሌዳው ለማያውቅ ሰው የተበላሸ ይመስላል።

ንባቡ ምን ያህል ይታመናል ቢባል፣ በቀትር አካባቢ ጥላው በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚሄደው 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በጥንቃቄ የተሠራ ሰሌዳ በሁለት ሦስት ደቂቃ ልዩነት ይነበባል። ሽቦውን 10 ሳንቲሜትር ማድረግ ንባቡን ያጠራዋል፤ ነገር ግን የሰሌዳው ስፋት 80 ሳንቲሜትር ይሆናል። ትልቅ መሥራት ምን ያህል እንደሚያዋጣ በሕንድ ጃይፑር የሚገኘው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው 27 ሜትር ቁመት ያለው የፀሐይ ሰዓት ያሳያል፤ ጥላው የሰኮንዶችን ያህል ልዩነት ይለያል።

ሰሌዳውን ለመፈተን ከሁሉ የተመቸው ቀን ሚያዝያ 12 ነው። በዚያን ቀን በስልክ 6 ሰዓት ከ29 ገደማ ፀሐይ በፔዳ በአናት ላይ ትቆማለች፤ ቀጥ ያለ ዘንግ ጥላው ይጠፋል፣ የሽቦው ጥላም ከመካከሉ መስመር ጋር ይገጥማል። ይኸው ነገር የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ነሐሴ 16 ገደማ ይደገማል፤ ሆኖም በክረምቱ ደመና ምክንያት ሁልጊዜ አይታይም። በሐምሌና በነሐሴ ሰሌዳው ለቀናት ሥራ ፈት መሆኑ የማይቀር ነው።

ወደ ሌላ ከተማ ሲወሰድ

የፀሐይ ሰዓት የተሠራበትን ቦታ አይለቅም። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ263 ከሲሲሊ ካታኒያ ማርከው ያመጡትን ሰሌዳ በሮም አደባባይ አቁመው ለ99 ዓመታት ተጠቅመውበታል፤ ለካታኒያ ኬክሮስ የተሠራ ስለነበር ያን ያህል ዘመን ልክ ያልሆነ ሰዓት ሲያነቡ ኖረዋል። የዋልታ ሰሌዳ ግን በዚህ በኩል አያስቸግርም፤ መስመሮቹ በየትም ሀገር ያው ስለሆኑ የሚለወጠው ዝንባሌውና የሚጨመረው ደቂቃ ብቻ ነው። በጎንደር ሰሜናዊ ጠርዙ 12.6 ዲግሪ ይነሣል፣ ማስተካከያው ግን ከባሕር ዳር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ ዝንባሌው 9 ዲግሪ ሲሆን ከላይ ከተዘረዘሩት የየወሩ ቁጥሮች 5 ደቂቃ ይቀነሳል። በጅግጅጋ ዝንባሌው 9.3 ዲግሪ ነው፣ ከየወሩ ቁጥር የሚቀነሰውም 22 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። በጋምቤላ ግን ይጨመራል እንጂ አይቀነስም፤ 11 ደቂቃ ገደማ።